ጎረቤቴ ምን በላች?

ሳን ቤናርዶ፣ ጣሊያን
ኦክቶበር 12፣ 2003

ወንድሜ ሽኩር፣

ሰላም ለአንተ፣ ለዓሪፋና ለሱሀይላ። ይህን ወረቀት ከመጀመርህ በፊት እማን ሶፋው ላይ አስቀምጣትና በደህናው ጆሮዋ በኩል ቁጭ ብለህ ጮክ ብለህ አንብብላት። ስልክ ላይ «ሃ? ምን አልሽ?» ስትለኝ ካርድህ ያልቃል። ደብዳቤ ግን አሥር ጊዜ ብትደግመው ያው ደብዳቤ ነው።

እማ፣ «ሰው ሁሉ ከሄደ ከተማው ውስጥ ማን ቀረ?» ላልሽው፣ እኔና የማስታምማቸው ሲኞራ ኢዳ ቀረን። በነሐሴ መርገጫ ያልነበረው መንገድ አሁን የኛ የሁለታችን ነው። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፖርታቸውን አልብሼ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌ፣ ባለ ጎማ ወንበራቸውን እየገፋሁ እንወጣለን። ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ባለችው መሿለኪያ ስናልፍ «ኦ!» ብለው ይጮሃሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ሲመለስላቸው ግን እንደ ልጅ ይስቃሉ።

ከዚያ ባሕሩ ነው። ጄላቶ የሚሉት አይስክሬም ቤት መስታወቱን በጋዜጣ ሸፍኖ ተዘግቷል። የልጆቹ መጫወቻ ፈረሶች አረንጓዴ ሸራ ለብሰዋል፤ የአንዱ ጆሮ ብቻ በቀዳዳ ወጥቷል። ሆቴሎቹ የሴት ስም ስላላቸው ሲኞራ በእያንዳንዱ ዝግ በር ላይ ያስቆሙኝና «ደህና ዋልሽ ማሪዛ፣ ደህና ዋልሽ ኤልዛ» ይላሉ። ጃንጥላ ሞልቶት የነበረው አሸዋ ላይ አሁን ማዕበል እንዲመልስ በዶዘር የተቆለለ አሸዋ አለ። ክፍት የሆነው አንድ ቡና ቤት ብቻ ነው። እዚያ አራት ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ ስናልፍ ቀና ብለው በመስታወቱ ያዩናል። ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ብርዱን ሽሽት ስፈጥን «ፒያኖ፣ ፒያኖ! ማን አባረረን?» ይሉኛል። ስለዚህ ቀስ እላለሁ። ባሕሩ ውስጥ የገባው የድንጋይ መንገድ ጫፍ ላይ ስንደርስ አንድ መንደሪን እልጥላቸዋለሁ፣ ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል። ከዚያ ልጃቸው ሳንድሮ ከቶሪኖ ደውሎ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔም «ማታ ይደውላል» እላቸዋለሁ። ይደውላልም፤ አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም።

ሶጆርኖዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ገና አልወጣም። ሳይወጣ ከዚህ አገር ብወጣ መመለሻ የለኝም፤ ስለዚህ መቼ እንደማይሽ አትጠይቂኝ እማዬ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ ሰአዳ

—

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኖቬምበር 2፣ 2003

እህቴ ሰአዳ፣

እንኳን ለረመዳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰ ጀምሮ አራት ጊዜ አንብቤላታለሁ። የፈረሱ ጆሮ ጋ ስደርስ ታስቆመኝና ትስቃለች። በስልክ «ጾም አይከብድሽም ወይ» ላልሽው፣ ሐኪሙም እኔም ብንለምናት አልሰማችንም። አንቺ ታውቂያታለሽ።

እኔ ጽሕፈት አይሆንልኝም። ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ የመኪና ቁጥር ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ እጄ ሌላ ፊደል እምቢ ይላል። ስለዚህ አሁን እማ ያስጻፈችኝን እንዳለ አሰፍርልሻለሁ።

«በል ጣፍ። ጎረቤቴ ምን በላች? ጥርስ ከሌላት ድንቹን በደንብ አልሚላት። ብርዱ ላይ ብዙ አታስቆሚያት። ያስጠጋሽን ቤት አላህ ያቁመው። የጎረቤቴን ጉልበት ይመልስላት፣ ልጇን ደጇ ያምጣላት። አንቺም ልጄ፣ ወጥተሽ ግቢ፣ ክፉ አይይሽ፣ ውለጂ ክበጂ፣ የያዝሽው አፈር ወርቅ ይሁንልሽ።»

እኔ ደግሞ ቅናት ያዘኝና «እማ፣ ልጅሽ እያለች ከማታውቂያት ፈረንጅ ትጀምሪያለሽ? ደግሞስ በየት በኩል ነው ጎረቤትሽ?» አልኳት።

«ልጄን ቤቷ ያስገባች እሷ አይደለች? ባለቤቷን ሳልመርቅ እንግዳዋን ልመርቅ? ነውርም አታውቅ!» አለችኝ። አርባ ዓመቴ ነው፤ ሚስቴና ልጄ ፊት ተቆጣችኝ።

ወንድምሽ ሽኩር

—

አሌክሳንድሪያ
ዲሴምበር 1፣ 2003

ሰአዳ፣

እማ ሞታለች። ሐሙስ ዕለት ነው። ታንክስጊቪንግ ስለነበር ሁላችንም ቤት ነበርን። ዙህርን ሰግዳ ጋደም አለች፤ ዓሪፋ ለዐስር ልትቀሰቅሳት ስትገባ ሄዳለች። አልታመመችም፣ አልተጣራችም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀበርናት። ሰዉ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሴቨን ኮርነርስ፣ የማላውቀው ሁሉ መጥቶ ተሸከመልኝ። አንቺ ብቻ አልነበርሽም።

ስልኩን አንስቼ የሲኞራሽን ቁጥር ግማሽ መታሁና ዘጋሁት። ትናንት ሲልቨር ስፕሪንግ ጋሽ ሙደሲር ቤት ተሰብስበን ነበር። የአባባ ጓደኛ ስለሆኑ ያለ እሳቸው መቁረጥ አልቻልኩም።

«ጋሽ ሙደሲር፣ በስልክ ልንገራት?» አልኳቸው።

«በስልክ! ለመሆኑ ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? አጠገቧ ማን አለ?» አሉኝ።

«አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። እሳቸውም መቆም አይችሉም።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋ። መርዶ ለብቻ አይሰማም። ሰው እስኪገኝላት ፈልጉ፤ በጠዋት ይሂዱባት፣ ከበው ይንገሯት፣ ይዘዋት ያልቅሱ። እስከዚያ ድረስ እናቷ ደህና ናት በላት።»

ሁሉም ተስማማ። ዓሪፋ ብቻ መኪና ውስጥ ስንገባ «ልጅቷ ለእናቷ ዱዓ እንዳታደርግ ከለከልናት። ይኼ በአላህ ዘንድ ያስጠይቀናል» አለችኝ። ሱሀይላ ከኋላ ሆና «ዳዲ፣ ዋይ ካንት ዊ ጀስት ቴል ኸር?» አለች፤ ለምን ዝም ብለን አንነግራትም ማለቷ ነው። ሬዲዮውን ከፈትኩት።

ይህን ወረቀት እንደማልልከው አሁን ገባኝ። የእማ መስገጃ ውስጥ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

—

አሌክሳንድሪያ
ዲሴምበር 4፣ 2003

እህቴ ሰአዳ፣

ከስልክ በመጥፋቴ ይቅር በዪኝ። እሁድ እሁድንም ሺፍት ስለሰጡኝ ነው፤ ከእንግዲህ እንዳንቺው በደብዳቤ እንሁን። ዒድ ደህና አለፈ።

እማ ደህና ናት። ትንሽ ድካም ስላላት ብዙ አላስጻፈችኝም። ወጥተሽ ግቢ፣ ክፉ አይይሽ፣ ውለጂ ክበጂ ብላሻለች። የላክሽላት የሱፍ ሻርፕ ደርሶ በጣም ወዳዋለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ከተማ የኛ ሰው የለም? ሐበሻ፣ ካልሆነም ሙስሊም፣ ቤተሰብ ያለው። ስትንሸራሸሩ እግረ መንገድሽን ተመልከቺልኝ። ለምንም አይደለም፤ ብቻሽን መሆንሽ ስላሳሰበኝ ነው።

ሽኩር

—

ሳን ቤናርዶ
ዲሴምበር 18፣ 2003

ወንድሜ ሽኩር፣

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። ቶሎ ባለመመለሴ ይቅርታ፤ ሦስት ቀን እጄ ብዕር አልይዝ ብሎኝ ነበር። ብርዱ ነው።

ያልከኝን ፈልጌያለሁ። ባል ልትፈልግልኝ አስበህ ከሆነ ቀድሞውኑ በነሐሴ ነበር የምትጠይቀኝ። ሲኞራን እየገፋሁ ከሆቴል ማሪዛ እስከ መብራት ማማው፣ በኋላ በኩልም የማንሄድበትን ሰፈር ሳይቀር አካለልን። ቦርሳ ይሸጥ የነበረው ሴኔጋላዊ ሚላኖ ገብቷል። ሞሮኳዊው ሥጋ ሻጭ በሩ ላይ «በማርች እመለሳለሁ» የሚል ካርቶን ለጥፎ ሄዷል። ሌላ ሽማግሌ የምትገፋ አንዲት ዩክሬናዊት አለች፤ ስንተላለፍ እንደ ታክሲ ነጂዎች እጃችንን አንስተን ሰላም እንባባላለን። ከዚያ ወዲያ ድመት ነው። ስለዚህ የኛ ሰው የለም ሽኩሬ። አንዲት ሐበሻ ፈልጊ ካልከኝ እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። የሲኞራ ልጅ ሳንድሮ ሞቷል። ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ከቶሪኖ ደውላ ነገረችኝ፤ ልቡ ነው። «ለእናቱ እንዳትነግሪ፣ ትሞትብናለች» አለችኝና ዘጋችው። አሁን ሁልጊዜ የድንጋዩ መንገድ ጫፍ ላይ መንደሪኑን ይዘው «ሳንድሮ ደወለ?» ይሉኛል፤ እኔ «መስመሩ ተበላሽቷል» እላለሁ። እሳቸውም ነገ ይሠራል ብለው ግማሹን መንደሪን ይሰጡኛል። ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

እማን ጠይቅልኝ። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የምትለውን እንዳለ ጻፍልኝ።

ሰአዳ

—

አሌክሳንድሪያ
ጃንዋሪ 4፣ 2004

እህቴ ሰአዳ፣

በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ጥያቄሽ ከብዶኝ ነው፤ ማለቴ እማ አስባ ትመልስ ብዬ ነው። ለሲኞራሽ ልጅ አላህ ይዘንለት። እኔም ሰምቼ አዘንኩ።

እማ ያለችው ይህን ነው። ብቻቸውን ሳሉ እንዳትነግሪያቸው። ሰው ይሰብሰብ። በጠዋት ይሁን፣ ሳይደክሙ። ትከሻቸውን የሚይዝ በግራም በቀኝም ይኑር። እስከዚያ መደበቅ ውሸት አይባልም፤ መሸከም ነው።

ይኸኛው ደግሞ የራሴ ነው። ሰአዳ፣ የሚደብቀውም ሰው ቀላል ነገር አልያዘም። ሰው ፊት ይስቅና መኪና ውስጥ ያለቅሳል። ሲነጋ «ዛሬ እናገራለሁ» ይላል፣ ሲመሽ ያው ነው። ይህን የምጽፈው አንቺን አስቤ ነው። አፉ በዪኝ።

ሽኩር

—

ሳን ቤናርዶ
ጃንዋሪ 19፣ 2004

ወንድሜ፣

የእማ ቃል ደርሶኛል። እንዳለችው አደርጋለሁ። ለጊዜው እዚህ የሚሰበሰብ ሰው ስለሌለ እኔና ሲኞራ ቀስ እያልን መሄዳችንን ቀጥለናል። ትናንት ማዕበሉ የአሸዋውን ክምር ሰብሮ መንገዱ ድረስ እንጨት አምጥቶ ጥሏል። ሲኞራ አንድ የጃንጥላ እጀታ አይተው «ይኼ የነሐሴ ነው» አሉ።

ስላለቀሰው ሰውዬ የጻፍከውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አብሽር በልልኝ። ጥፋት የለበትም። ሰው የሚገኝበት ቀን ይመጣል፤ እስከዚያ እኔም አልወድቅም።

ሰአዳ

—

አሌክሳንድሪያ
ጃንዋሪ 31፣ 2004

እህቴ ሰአዳ፣

እንኳን ለአረፋ አደረሰሽ። ሮም ውስጥ ልዕልት የምትባል የደሴ ልጅ አለች፤ የጋሽ ሙደሲር የወንድም ልጅ ናት። በእሷ በኩል ዕቃ ልኬልሻለሁ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እሁድ ፌብሩዋሪ 15 በጠዋቱ ባቡር ትመጣለች። ምግብ አታዘጋጂ፣ ይዘው ይመጣሉ። ከቤት እንዳትወጪ ብቻ።

ዛሬ የእማን ምርቃት አልጽፍም። እጄ እምቢ ብሎኛል።

ሽኩር

—

ሳን ቤናርዶ
ፌብሩዋሪ 17፣ 2004

ወንድሜ ሽኩር፣

መጡልኝ።

ከቤት አትውጪ ብትለኝም አልሰማሁህም። ሲኞራን ቁርስ አብልቼ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ ሳሎኑ ውስጥ አራት ወንበር ክብ አድርጌ ደርድሬ፣ ወደ መሿለኪያዋ ወጣሁ። ሦስት ሴቶች ነጠላ ተከናንበው በዚያ ባዶ መንገድ ሲመጡ አየኋቸው። የያዙት አንድ ፌስታል ዳቦ ብቻ ነው፤ ሌላ ዕቃ የለም። ልዕልት ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰአዳ ነሽ? ደህና ነሽ? ቤት እንግባ እህቴ፣ ቤት እንግባ» እያለች ክንዴን ያዘች። አንደኛዋ በቀኜ፣ አንደኛዋ በኋላዬ ሆኑ። እንዴት ያውቁበታል!

ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ «ንገሩኝ» አልኳቸው። ነገሩኝ። ያን ጊዜ ጮህኩ። እማዬ ብዬ፣ ስሟን ጠርቼ፣ ሉባባ ብዬ። መሬት ስወድቅ ሦስት ሰው ነበር የያዘኝ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ አንተም ቁጭ ብለህ ስማ። እኔ ያወቅኩት ያ የዲሴምበር ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኞ ዕለት ነው። ምርቃቱ ከእኔ ነበር የጀመረው። ጎረቤቷ የለችበትም። ምን በላች አላልክም፣ ያስጠጋሽን ቤት አላልክም። መጀመሪያ ሽኩር ቸኩሎ ዘልሎት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ግን እማ አጠገብህ ብትኖር ወረቀቱን አስቀድዳ እንደገና ታስጽፍህ ነበር እንጂ ባለቤቷን ሳትመርቅ እንግዳዋን አትመርቅም። ነውር ነው ብላ የለ?

ለምን ዝም እንዳልኩ ትጠይቀኛለህ። ብጠይቅህ ትነግረኛለህ፣ ብትነግረኝ ብቻዬን እጮሃለሁ። ሲኞራ ይደነግጡብኛል፤ አንተም ካንተ ርቄ መውደቄን እያሰብክ አትተኛም። «የኛ ሰው አለ ወይ» ስትለኝ ምን እንደምትፈልግልኝ ገብቶኛል። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ አንድ ሸክም በሁለት ጫፍ ይዘን ከረምን። ዱዓዬን ግን አንድም ሶላት ላይ አላጓደልኩባትም፤ ያን ማንም አልከለከለኝም። ያቃተኝ ማልቀሱ ነው። መርዶ ያልተነገረው ሰው እንዴት ብሎ ያለቅሳል? በየቀኑ ወንበሩን እየገፋሁ በሆቴሎቹ ዝግ በሮች ፊት አልፍ ነበር፤ ዓይኔ ደረቅ።

የሳንድሮን ነገር እማን ጠይቅልኝ ያልኩህ ልፈትንህ እንዳይመስልህ። እንደሌለች አውቄ ነው የጠየቅኳት። ዕድሜዬን ሙሉ የጨነቀኝን የምጠይቀው እሷን ነውና ሌላ ልማድ የለኝም። የመለስከው መልስ ያንተ ይሁን የጋሽ ሙደሲር አላውቅም። እማ ብትኖር ግን ከዚያ የተለየ አትልም ነበር።

እኔ ስጮህ ሲኞራ ኢዳ ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው እየገፉ መጡ። አንድ ቀንም በራሳቸው ገፍተው አያውቁም። «ማነው?» አሉኝ። «እናቴ» አልኳቸው። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው አብረውኝ አለቀሱ። ሦስቱ ሴቶች ጣሊያንኛቸው ጥሩ ስለሆነ እንዲህ ናት፣ እንዲያ ናት እያሉ ስለማያውቋት እናቴ አወሩላቸው።

እንባችን ጋብ ሲል ልዕልትን ወደ ጓዳ ወስጄ የሳንድሮን ነገርኳት። ቶሪኖ ያለችው ሚስት ከልክላኛለች። ግን ሰው ተሰብስቧል፣ ጠዋት ነው፣ በግራም በቀኝም ሰው አለ። እንዲህ ያለ ቀን ለሲኞራ ኢዳ ሌላ አይመጣላቸውም። ተመልሰን ከበብናቸው። ልዕልት ትከሻቸውን ያዘች፣ እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ «ሲኞራ፣ የስልኩ መስመር አልተበላሸም» አልኳቸው።

አልጮሁም። መስኮቱን አዩ። ከዚያ «ካፖርቴን» አሉ።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ሁልጊዜ የምንወጣበት ሰዓት አይደለም። እኔ እየገፋሁ፣ ሦስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በጎንና በኋላ ሆነው ወጣን። መሿለኪያዋ ውስጥ አልጮሁም። ማሪዛንም ኤልዛንም ሰላም አላሉም። ቡና ቤቱ ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ በመስታወቱ አዩን። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ማንም አልነገራቸውም። አራቱም ካርታቸውን አስቀምጠው ወደ በሩ ወጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና እስክናልፍ ቆሙ። እኔም እዚህ አገር ለእማ የቆመ ሰው አየሁ።

የድንጋዩ መንገድ ጫፍ ላይ መንደሪኑን ላጥኩ። ሲኞራ ተቀብለውኝ ለአምስታችን አካፈሉት። ስንመለስ ፈጠን ብዬ ነበር መሰለኝ፣ «ፒያኖ» አሉኝ። ስለዚህ ቀስ ብለን ተመለስን።

ሴቶቹ ሦስት ቀን ሊያድሩልኝ ተስማምተዋል፤ ይህን ስጽፍ ልዕልት ለሲኞራ ድንች እያላመች ነው። ለጋሽ ሙደሲር፣ ሰአዳ አላህ ውለታዎትን ይክፈልዎ ብላለች በላቸው። ዓሪፋንና ሱሀይላን ሳምልኝ።

ከእንግዲህ ምርቃቱ በእኔ ይሁን፣ ስሕተት ካለው አርመኝ። ጎረቤታችንን አላህ ያጽናልን፣ ቤታቸውን ያቁምልን። ሾርባ ጠጥተዋል፤ ዳቦም ቀምሰዋል። ቀጥሎ አንተን፣ ወጥተህ ግባ፣ ክፉ አይይህ፣ ብቻህን የተሸከምክበትን ትከሻ አላህ ያሳርፍልህ።

እሁድ ደውልልኝ። ሺፍት እንደሌለህ አውቃለሁ። ድምፅህን አትፍራው፤ ብታለቅስ አጠገቤ ሰው አለ።

እህትህ ሰአዳ